ፌስታሉን ከመቀበላችን በፊት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፌስታል ነው። ርዕሱ ለአንድ ሙሉ ዲስኩር የሚበቃ ላይመስል ይችላል። ፌስታል ጥቂት ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ከገዛነው ዕቃ ጋር በነጻ የሚሰጠን፣ ቤት እንደገባን የምንረሳው ነገር ነው። ጉዳቱ የበዛውም ስለምንረሳው ነው። ከብዶን ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ሽማግሌ ሰብስበን እንመክርበት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚጣሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ማምረትን፣ ማስመጣትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ይከለክላል። ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ሳይቀር ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ይደነግጋል። ብዙዎቻችን ዜናውን ሰምተን «እንግዲህ ተከልክሏል፤ ጉዳዩ አለቀ» ብለናል። እኔ አላለቀም እላለሁ፤ ምክንያቱም ይህ የመጀመሪያው ሕጋችን አይደለም። ከእርሱ 18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 513 ወጥቶ ነበር። ያኛውም አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታሎች እንዳይመረቱና ወደ አገር እንዳይገቡ ይከለክል ነበር። በእነዚያ 18 ዓመታት ግን ፌስታል ከመርካቶ እስከ ገጠር ጉልት ያልደረሰበት ሥፍራ የለም። ሕጉ ወጥቶ ነበር፤ ልማዳችን ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ አዲሱ ሕግ የቀድሞው ዕጣ እንዳይደርሰው ከእኛ ምን ይጠበቃል? መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ስለ ፕላስቲክ ስንወያይ ዘወትር የምናወራው ስለ መጣያው ነው። ገንዳው አነሰ፣ የቆሻሻ መኪናው ዘገየ፣ ወጣቶቹ መንገድ ላይ ጣሉ እንላለን። የፌስታል ጉዳይ ግን የሚወሰነው ከዚያ አስቀድሞ ነው፤ ባለሱቁ በባንኮኒው ላይ እጁን ሲዘረጋልንና እኛ ስንቀበለው። ያቺን ቅጽበት ካሳለፍናት በኋላ የምናደርገው ሁሉ ማስታመም ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

በቅድሚያ ግን ለፕላስቲክ የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። እናቶቻችን ውሃ ይቀዱ የነበረው በእንስራ ነው። እንስራ ባዶውንም ይከብዳል፤ ከተሰበረ ደግሞ ለድሃ ቤት ኪሳራ ነው። ጀሪካን ሲመጣ የሴቶችና የልጃገረዶች ጀርባ ትንሽ ቀለል አለው። ሆስፒታል ስንገባ የደም ከረጢቱ፣ የግሉኮስ ቱቦው፣ የመርፌው ሲሪንጅ ሁሉ ፕላስቲክ ነው፤ ሕይወት ያድናል። ጀሪካን ዓመታት ያገለግላል። ሲያረጅ አንገቱ ተቆርጦ መቅጃ ይሆናል፤ እርሱም ሲያበቃ የአበባ መትከያ ይሆናል። ከእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ዘመናት እንዲቆይ ሆኖ የተሠራን ነገር ለጥቂት ደቂቃ ተጠቅሞ ከመወርወር ልማድ ጋር ነው።

ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢታይሊን የተባለው ፕላስቲክ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር ነው። አይ ሲ አይ በተባለው የኬሚካል ኩባንያ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን፣ ሌላ ነገር ሲሞክሩ ሳያስቡት አገኙት። ዛሬ እጃችን ላይ የምናንጠለጥለውን ባለ ሁለት ጆሮ ከረጢት ያወጣው ደግሞ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። ይሠራበት የነበረው ሴሎፕላስት የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈጠራውን ባለቤትነት አስመዘገበ። ልጁ በኋላ እንደተናገረው፣ ቱሊን ይህን ከረጢት የሠራው ለወረቀት ከረጢት ሲባል የሚቆረጠው ዛፍ አሳስቦት ነው። ሰዎች አንዴ ተጠቅመው ይጥሉታል ብሎም አላሰበም፤ እርሱ ራሱ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይይዘውና ደጋግሞ ይጠቀምበት ነበር። ፈጣሪው ደጋግሞ ሊይዘው የሠራውን ከረጢት የሚጣል ያደረገው የእኛ የተጠቃሚዎቹ ልማድ ነው። ልማድ ያመጣውን ደግሞ ልማድ ሊመልሰው ይችላል።

እስቲ ነገሩን በራሳችን ሰፈር እናስበው። ከጉልት አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝተን ቤት እስክንደርስ ሩብ ሰዓት ቢፈጅብን ነው። ለዚህች ሩብ ሰዓት ያገለገለን ከረጢት ግን የገዛውንም የሸጠችውንም ሰው ዕድሜ ሊሻገር ይችላል። የሽንኩርቱ ልጣጭ አፈር ሲነካ በሳምንታት ይበሰብሳል፤ አፈር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ያውቁታልና ይመገቡታል። ፖሊኢታይሊንን ግን እንደ ልጣጩ ሊያፈራርሱት አይችሉም። ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ እስኪሆን ይበጣጠሳል። ከዓይናችን ሲሰወር የጠፋ ይመስለናል፤ ያኔ ግን አፈሩ፣ ውሃውና ምግባችን ውስጥ ገብቷል። አንዳንድ ፌስታል ላይ «ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ ብታዩም ቶሎ አትመኑ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚበሰብሱት ከፍተኛ ሙቀት ባለበት ልዩ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ ኬሚካል ተጨምሮባቸው ቶሎ የሚበጣጠሱ ብቻ ናቸው። ቦይ ውስጥ የወደቀ ፌስታል ያን ፋብሪካ መቼም አያገኘውም።

«ታዲያ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ ቢውልስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚኖራችሁ አውቃለሁ። መልካም ጥያቄ ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 460 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ፕላስቲክ ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1950 የነበረው ምርት 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። በዚያው በ2019 ከተጣለው የፕላስቲክ ቆሻሻ ውስጥ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶው ብቻ ነው። ይህ ባለ ብዙ ገንዘብና ባለ ብዙ ፋብሪካ የሆኑትን አገሮች ሁሉ ጨምሮ የተሰላ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ የመሰብሰቡን ሥራ የሚሠሩት ማለዳ «ቆራሌው!» እያሉ በየመንደሩ የሚዞሩት፣ ጆንያ ተሸክመው ገንዳ የሚፈትሹት፣ በማኅበር ተደራጅተው ከየቤቱ ቆሻሻ የሚያወጡት ወገኖቻችን ናቸው። ውለታቸው ትልቅ ነው። እነርሱ ሃይላንድ ያነሣሉ፤ የተሰነጠቀ ባልዲና የተሰበረ ወንበር ይገዛሉ። ፌስታል ግን ትተውት ያልፋሉ። ለምን? ሂሳቡ ቀላል ነው። የሚሸጡት በኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት በመቶዎች የሚቆጠር ስስ ፌስታል መልቀም ያስፈልጋል፤ ያም ዘይት፣ ጭቃና የወጥ ፍትፍት የነካው ስለሆነ ማጠቢያው ከዋጋው ይበልጣል። ለሚለቅመውም ሰው የልፋቱን አያወጣለትም፣ ለሚገዛው ፋብሪካም አያዋጣም። ስለዚህ ፌስታልን ከተጣለ በኋላ የሚያነሣው እጅ የለም። ጉዳዩ ባንኮኒው ላይ ይወሰናል ያልኳችሁ ስለዚህ ነው።

ማንም የማያነሣው ከሆነ ወዴት ይሄዳል? ሦስት መንገዶቹን እንከተላቸው።

የመጀመሪያው መንገድ ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ ፌስታሉ ከየመንገዱ ተጠርጎ ቦይ ውስጥ ይገባል። ቦዩ አፍ ላይ ይለጠፋል፤ በላዩ ላይ ቅጠሉና ደለሉ ይጠራቀማል። ከዚያ በኋላ አንድ ብርቱ ዝናብ ይበቃል፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ መንገድና ወደ ዝቅተኛ ሰፈር ቤቶች ይገባል። ባንግላዴሽ ይህን በመራራ መንገድ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1998 አገሪቱን ያጥለቀለቁት ጎርፎች ከተማ ውስጥ እንዲባባሱ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በፌስታል የተደፈነ ቦይ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ስስ ፌስታልን በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። የእኛዪቱ አዲስ አበባ ደግሞ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። እንጦጦ ሥር የተጣለ ነገር በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዝ ተጉዞ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። በአዋሽ ውሃ የሚያለማው ገበሬና ከብቱን የሚያጠጣው አርብቶ አደር፣ እኛ በአንዲት ቀን የተቀበልነውን ፌስታል ሳይጠየቅ ይረከባል። ዝዋይ ሐይቅ ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ዓሣዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ሆዱ ውስጥ የፕላስቲክ ስብርባሪ ተገኝቶበታል። ውሃ አቁሮ የሚቀር ፕላስቲክም ሌላ ጣጣ አለው። ዴንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ ትንሽ ኩሬ ውስጥ ነው፤ ድሬዳዋ ሁለቱም በሽታዎች በወረርሽኝ መልክ የገቡባት ከተማ ናት። ትንኟ በውሃ ማጠራቀሚያና በአሮጌ ጎማም ትራባለች፤ እኛ ግን የምናዘጋጅላትን ቤት ቁጥር በየቀኑ እያበዛን ነው።

ሁለተኛው መንገድ የከብት ሆድ ነው። ይህን ነገር ረጋ ብዬ ላስረዳው፤ ምክንያቱም ከገጠር ዘመዶቻችን ኑሮ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ላም እንደ ፍየል በከንፈሯ መርጣ አትለቅምም፤ በምላሷ ጠቅልላ ትውጣለች። ፌስታሉ ውስጥ የተረፈ እንጀራ፣ የሙዝ ልጣጭ ወይም የጨው ሽታ ካለ ከነከረጢቱ ትውጠዋለች። የዋጠችው ጨጓራዋ ውስጥ ይቀራል፤ ስታመሰኳ አትመልሰውም፣ በእበትም አይወጣላትም። ሌላ ይጨመርበታል፤ ከገመድና ከጨርቅ ጋር እየተጠቀለለ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ላሟ ሆዷ ሞልቶ ትታያለች፣ ውስጧ ግን የምግብ ቦታ የለም። ወተቷ ይቀንሳል፣ ትከሳለች፣ ባለቤቷም ምን እንደነካት ሳያውቅ ትሞትበታለች። የእንስሳት ሐኪም ቢደርስ እንኳ መድኃኒቱ ሆዷን ከፍቶ ማውጣት ነው፤ ያም ለብዙ ገበሬ የማይታሰብ ወጪ ነው። ቄራ የሚሠሩ ሰዎች ከታረደ ከብት ጨጓራ የሚያወጡትን የፌስታል ክምር ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። አንድ ገበሬ ላሙን ሲያጣ የልጆቹን ወተት፣ የማሳውን ፍግ፣ የክፉ ቀን ጥሪቱን አብሮ ያጣል። የከተማ ሰው የሩብ ሰዓት ምቾት ዋጋ የሚከፈለው እንግዲህ በእርሱ ቤት ነው።

ሦስተኛው መንገድ እሳት ነው። ከሰል ለማያያዝ ፌስታል የምንለኩስ ስንቶቻችን ነን? ቶሎ ይያዛል፣ ነበልባሉም ጥሩ ነው። ጥቁሩ ጭስ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳንባን የሚጎዳ ጥላሸት ይዟል። ፌስታል ብቻ ሳይሆን ፒ ቪ ሲ የተባለው የፕላስቲክ ዓይነትም አብሮ ከነደደ ዳይኦክሲን የተባለው አደገኛ መርዝ ይወጣል። ይህን ጭስ ቀድማ የምትስበው ምድጃ ሥር የተቀመጠችው እናት ናት፤ ከእርሷ ቀጥሎ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን። ግቢ ጥግ ቆሻሻ ሰብስበን ስናቃጥልም ቆሻሻውን ከመሬት ወደ ጎረቤት ሳንባ ማዛወራችን ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ያመለጠውና በሥርዓት የተሰበሰበውስ? አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የተወሰደው ወደ ቆሼ የቆሻሻ መጣያ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ የቆሻሻ ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያን ቀን ስናስታውስ ማዘን ብቻ አይበቃንም። ከየቤታችን በሰላም የወጣው ሁሉ የሰው መኖሪያ አጠገብ ተቆልሎ እንደነበር ያ አደጋ አሳይቶናል። የምንጥለው ሁሉ የሚያርፈው በሆነ ሰው ደጃፍ ነው፤ የጣልነው ሰዎችና ደጃፉ ላይ ያረፈበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንተዋወቅም።

አሁን ወደ ጎረቤቶቻችንና ወደ ሌሎች አገሮች ልውሰዳችሁ። ሩዋንዳ ፌስታልን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ በ2019 ደግሞ ክልከላውን ወደ ሌሎች አንዴ ብቻ አገልግለው ወደሚጣሉ ፕላስቲኮች አሰፋችው። ኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርስ መንገደኛ ፌስታሉን እንዲተው ይጠየቃል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ክልከላዋን ሥራ ላይ ስታውል እስከ 4 ዓመት እስራት ወይም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ቅጣት ደነገገች። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ተከተለች። ኤርትራ ከእነዚህ ሁሉ ቀድማ እ.ኤ.አ. በ2005 ከልክላለች። አየርላንድ ሌላ መንገድ ይዛለች፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ለአንድ ፌስታል 15 ሳንቲም ዩሮ ማስከፈል ስትጀምር አጠቃቀሙ በአጭር ጊዜ ውስጥ 90 በመቶ ገደማ ወረደ። ሰዉ ፌስታሉን ሳያስበው ይወስድ የነበረው በነጻ ስለነበረ እንደሆነ ይህ ያሳያል። ዋጋ ሲጠየቅበት «ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ ማሰብ ጀመረ።

ከኬንያ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ፌስታሉ ሲከለከል ገበያውን የሞላው ጨርቅ የሚመስል ርካሽ ከረጢት ነበር። እርሱም ግን ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ነው፤ እየሳሳ ሄዶ አንድ ሁለቴ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን እንደገና ቆሻሻ ሆነ፤ መንግሥትም ሁለተኛ ክልከላ ማወጅ ግድ ሆነበት። በእኛም ከተሞች ይኸው ከረጢት በብዛት እየገባ ነው። የወረቀት ከረጢትም ቢሆን ከዛፍ ነው የሚመጣው። የጥጥ ቦርሳ ለመሥራት ብዙ ውሃና ጉልበት ይፈጃል፤ ጥቅሙ የሚታየው ዓመታት ከያዝነው ብቻ ነው። አንዱን የሚጣል ነገር በሌላ የሚጣል ነገር መተካት መፍትሔ አይሆነንም። የሚያስፈልገን የሚቆይ ዕቃ ነው።

የሚቆይ ዕቃ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት የትናንት ታሪካችን ነው። አቁማዳና ስልቻ እህል ተሸክመው ዘመናት አልፈዋል። አገልግል የመንገደኛን ምሳ ለቀናት ጠብቆ ያቆያል። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ ቅጠሉም ሥራውን ጨርሶ ወደ አፈር ይመለሳል። ይህን ሁሉ የማነሣው ወደ ድሮ እንመለስ ለማለት አይደለም። ዘመናዊ ኑሮ የሚስማማውን መምረጥ እንችላለን፤ ለሽንኩርት ዘንቢል፣ ለእንጀራ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ክዳን ያለው ዕቃ፣ ለወጥ ምሳ ዕቃ፣ ለሻይና ለቡና ፔርሙዝ። በተለይ ትኩስ ሾርባ ወይም ወጥ በፌስታል ማስቋጠርን ዛሬውኑ ብንተወው እወዳለሁ። ሙቀትና ዘይት ፕላስቲክ ውስጥ ያሉትን ኬሚካሎች ወደ ምግቡ ያወጣሉ፤ ያንን ምግብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናበላው ለታመመ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎችን በቅንነት ማንሣት ይገባኛል። የመጀመሪያው የድህነት ነው። «አንድ ማንኪያ ዘይትና የሁለት ብር በርበሬ የምትገዛ እናት ምን ይዛ ትሂድ?» የሚል። እውነት ነው፤ ትንሽ በትንሽ መግዛት የድሃ ኑሮ ግዴታ ነው፤ ትንንሽ ፌስታልም የመጣው ለዚሁ ነው። ግን ይህች እናት ዘይቱን የምትወስደው አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌ ጠርሙስ ነው። ደጋግሞ መጠቀምን ከማንኛችንም በላይ የምታውቀው እርሷ ናት፤ ሃይላንዱን አጥባ ለዓመት የምትገለገልበት እርሷ ናት። ቆሻሻውን የሚያበዛው ይልቁን መግዛት የሚችለው፣ ከሱፐርማርኬት አምስት ዓይነት ዕቃ በአምስት ፌስታል ይዞ የሚወጣው ሰው ነው። ስለዚህ ሕጉ ሥራውን ከድሃዋ እጅ ላይ ከረጢት በመንጠቅ እንዳይጀምር አደራ እላለሁ። ቅጣቱ ከፋብሪካና ከአስመጪ ይጀምር፤ ከዚያ ወደ ትልልቅ መደብሮች ይምጣ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሥራ ነው። በፌስታል ፋብሪካ ተቀጥረው የሚያድሩ ሠራተኞች አሉ፤ ገበያ ውስጥ ፌስታል እያዞሩ የሚሸጡ ልጆችና ሴቶችም አሉ። እነርሱን ሜዳ ላይ ጥሎ የሚመጣ ጽዳት ትክክል አይደለም። ፋብሪካው ወፍራምና ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ወደ መሥራት እንዲዞር ጊዜና ብድር ይሰጠው። ፌስታል ታዞር የነበረችው ሴት የጆንያ ቦርሳና ዘንቢል ብታዞር ገበያዋን አታጣም። ጆንያ ሰፊውና ዘንቢል ሠሪዋም ሥራ ያገኛሉ።

ስለ ውሃ ፕላስቲክም አንድ ቃል ልበል። ሰው የታሸገ ውሃ የሚገዛው የቧንቧውን ስለማያምን ወይም ስለማያገኝ ነው። ይህን የሚፈታው የከተማ ውሃ አገልግሎት ነው፤ በየትምህርት ቤቱ፣ በየመናኸሪያውና በየመሥሪያ ቤቱ የተጣራ የመጠጥ ውሃ ቢዘረጋ የሃይላንዱ ቁጥር በግማሽ ዓመት ውስጥ ሲወርድ እናያለን ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ግን ቢያንስ ስብሰባዎቻችንን እናርም። ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚመክር ስብሰባ በእያንዳንዱ ወንበር ፊት ሁለት ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ መደርደሩ ያሳፍራል። ጆግና ብርጭቆ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም።

በአረንጓዴ አሻራም እንዲሁ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ እንደ ሕዝብ ተነሥተን ችግኝ እንተክላለን፤ የሚያኮራ ሥራ ነው። ነገር ግን በብዙ ችግኝ ጣቢያዎች ችግኙ የሚያድገው በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ተካዩ ፕላስቲኩን ቀድዶ ችግኙን ይተክላል፤ ፕላስቲኩ ግን እዚያው ተራራ ላይ ይቀራል። ለአፈር ሕይወት ብለን በወጣንበት ቀን አፈሩ ላይ ፕላስቲክ ዘርተን መመለስ የለብንም። ለእያንዳንዱ የተካይ ቡድን አንድ ጆንያ ይመደብ፤ የወጣው ፕላስቲክ ተቆጥሮ ለችግኝ ጣቢያው ይመለስ።

አሁን ወደ ማጠቃለያዬ እመጣለሁ፤ የማጠቃልለውም በጥያቄ ሳይሆን በሥራ ነው። አንድ ሰው ብቻውን «ፌስታል አልፈልግም» ሲል ባለሱቁ ይገረምበታል። ሰፈሩ ሁሉ ሲል ግን ባለሱቁ ፌስታል መግዛቱን ያቆማል። ሰፈርን በአንድ ቃል የሚያናግር ተቋም ደግሞ አለን፤ እድር። እድር ከማንም በፊት ደጋግሞ መጠቀምን ተቋም አድርጎ የሠራ ነው። አንድ ቤት ብቻውን የማይችለውን ድንኳን፣ ብረት ድስት፣ ሳህንና ወንበር በጋራ ገዝቶ ለዓመታት ከቤት ቤት ያዘዋውራል። በቅርብ ዓመታት ግን በየለቅሶ ቤቱ የታሸገ ውሃ በካርቶን መደርደር ተለመደ፤ በሠርጉም፣ በአደባባይ ኢፍጣሩም፣ በጥምቀቱም ማግሥት ሜዳው በባዶ ጠርሙስ ይሸፈናል። ይህን ልማድ ያመጣነው እኛ ነን፤ የምንመልሰውም እኛው ነን።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ለየእድራችሁ የምታቀርቡትን የውሳኔ ሐሳብ በሦስት ነጥብ አስቀምጥላችኋለሁ። አንደኛ፣ እድሩ በቂ ብርጭቆና ጆግ፣ ክዳንና ቧንቧ ያለው የውሃ በርሜልም ይግዛ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በለቅሶና በድግስ ላይ ውሃ ፈልቶ ወይም «ውሃ አጋር» በተባለው የውሃ ማከሚያ ታክሞ በብርጭቆ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አባል ቤት የራሱ ዘንቢል ወይም የጆንያ ቦርሳ ይኑረው፤ ከበር አጠገብም ይሰቀል፤ አቅም ለሌለው አባል እድሩ ይግዛለት። ሦስተኛ፣ የእድሩ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊውና ሁለት እናቶች ሆነው የሰፈሩን ባለሱቆችና የጉልት ነጋዴዎች ያነጋግሩ፤ ደንበኛ ካልጠየቀ ፌስታል እንዳይሰጡ፣ ዕቃ ይዞ ለመጣ ደንበኛም ያለ ማጉረምረም እንዲያስተናግዱ ይስማሙ።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ በየወሩም ስብሰባ ላይ «ምን ተሠራ?» ተብሎ ይጠየቅበት። መቅረት የሚያስቀጣ እድር፣ ለዚህም መጠየቅ አያቅተውም። አዋጅ ቁጥር 513 በ18 ዓመት ውስጥ ያላገኘው ይህን ጠያቂ ነው። አዲሱ አዋጅ እንዲያገኘው የማድረጉ ድርሻ የእኛ ነው፤ ሥራውም ነገ ጠዋት ሱቅ ስንሄድ ይጀምራል።